ሁለተኛው ስም

ናታን ካርዶዛ ኬክ አልፈልግም ያለው ከልቡ ነበር። ኬኩን ያቀረበችለት አሮጊት፣ ለቮን ብራተን፣ ግን በምን ትመነው? በእኛ በቶርስቢ ኬክ ሲቀርብለት ከመጀመሪያው «እሺ» ብሎ የሚያነሳ ሰው ወይ ሕፃን ነው ወይ አሳዳጊ የበደለው። ጨዋ ሰው መጀመሪያ «ኧረ አትቸገሩ» ይላል። ሁለተኛ ሲለመን «አሁን ከቤት በልቼ መውጣቴ ነው» ይላል። ሦስተኛ ሲለመን «እንግዲህ ካላችሁ፣ ትንሽ ብቻ» ብሎ ሳህኑን ይቀበልና ሁለት ቁራጭ ድምጥማጡን ያጠፋል። አያቶቻችን ከኖርዌይ ወደ ሚኒሶታ ሲሻገሩ ይዘውት የመጡት አንድ የእንጨት ሣጥንና ይሄንን ልማድ ነው። ሣጥኑን ምስጥ በልቶታል፤ ልማዱ ግን ንክች አላለም።

«አመሰግናለሁ፣ ጠግቤያለሁ» አለ ናታን።

«ትንሽዬ» አለች ለቮን።

«በእውነት፣ ቁርስ በልቼ ነው የመጣሁት።»

«አንዲት ቁራጭ! ፖሙ እኮ የራሳችን ነው።»

ናታን ተሸንፎ ሳህኑን ተቀበለ። ለቮን ደስ አላት። ደህና ልጅ ነው፣ ልማድ ያውቃል ብላ አሰበች። የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ከፍሎሪዳ ከመጣ ገና ሁለት ወሩ ነው፤ ታቦር በሚባለው የአረጋውያን ቤት የስጦታ ውል የሚያዋውለውን ክፍል ይመራል። ክፉ ሰው አይደለም። ይሄን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ላይ የሚረግሙት ስለማይጠፉ ነው።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ሁለቱ እህትማማቾች የሚኖሩበት እርሻ የታላቅየዋ፣ የአርዲስ ነበር። አርዲስ ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው፤ አላገባችም፣ አልወለደችም። ባለፈው መከር መሬቱንም ቤቱንም ለጎረቤት ሸጠች፤ ጎረቤቱም እስከ ግንቦት ድረስ ቆዩበት ብሏቸዋል። ገንዘቡን እንዳለ ለታቦር ልትሰጥ ነው። ታቦር በምትኩ በየሦስት ወሩ የተቆረጠ ገንዘብ ይከፍላታል፣ እስከ ዕለተ ሞቷ። ከዚያ የቀረው የታቦር ይሆናል። በእኛ አገር አሮጊቶች እንዲህ ያደርጋሉ፤ ለነፍስም ለሥጋም ነው። እናታቸው መጨረሻዋን ያየችው ታቦር ቤት፣ ንጹሕ አንሶላ ላይ፣ እጇን የምትይዝላት ነርስ አጠገቧ ተቀምጣ ነበር። አርዲስ ይሄን አልረሳችም።

ውሉ በአንድ ሰው ዕድሜም ይደረጋል፣ በሁለትም ይደረጋል። ሁለተኛ ስም ከገባ ክፍያው ትንሽ ይቀንሳል፤ ግን አንደኛዋ ስትሞት አይቆምም፣ ለሁለተኛዋ እስክትሞት ይቀጥላል። ያ ሁለተኛ ስም ለለቮን ሁሉ ነገሯ ነበር። ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አርባ ዓመት በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ስትሠራ ኖራ ያገኘችው ጡረታ ከመድኃኒትና ከቤንዚን አያልፍም። በግንቦት ሁለቱም ወደ ታቦር አፓርታማ ይገባሉ፤ ኪራዩን የሚከፍለው የአርዲስ ገንዘብ ነው። አርዲስ ብትቀድማትና ስሟ ውሉ ላይ ባይኖር፣ ለቮን የሚቀራት ኦማሃ ከተማ ያለው የወንድማቸው ልጅ የሮድኒ ምድር ቤት ብቻ ነው። ከመሬት በታች ነው፣ መስኮት የለውም። ሮድኒ «ልጆቹንም ትጠብቂልናለሽ» ብሏታል፤ አምስት ናቸው።

አርዲስ ደግሞ ልቧ አስቸግሯታል። ማክሰኞ ቀዶ ጥገና አላት። ሐኪሙ ደግ ሰው ነው፤ «በዚህ ዕድሜ ቃል አልገባም» ብሏቸዋል።

እንግዲህ በዚያ ሐሙስ ጠዋት ናታን ወረቀቱን ዘርግቶ እያስረዳ ሳለ፣ መተላለፊያው ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። ከሆስፒታል ነው። አርዲስ ከዘራዋን ይዛ ልታነሳ ሄደች። ናታን ጊዜ ላለማባከን ብሎ ወደ ለቮን ዞረ።

«ወይዘሪት ለቮን፣ እህትዎ እርስዎን ሁለተኛ ተቀባይ አድርገው ሊያስገቡዎት አስበዋል። እንደዚያ ከሆነ የእሳቸው ክፍያ ትንሽ ይቀንሳል፤ ይሄን እንዲያውቁት ነው። መግባት ይፈልጋሉ?»

የለቮን ልብ ዘለለ። አርዲስ አስባልኛለች! ፊቷ ላይ ግን ምንም አላሳየችም። መሐረቧን አጣጠፈችና «ኧረ በኔ የተነሳ አትቸገሩ» አለች። «የሷስ ለምን ይቀንሳል? እኔ እንደምንም እኖራለሁ።»

ያማረ፣ የተስተካከለ የመጀመሪያ እምቢታ። እናታቸው ብትሰማት ትኮራባት ነበር። ለቮን ዓይኗን መሐረቡ ላይ ተክላ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቀች።

ናታን «ውሳኔዎን አከብራለሁ» አለና ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጻፈ። ከዚያ ገጹን ገለጠ።

ገለጠ! ለቮን ቀና ብላ አየችው። ልጁ ስለ ግብር ወደሚያወራው ገጽ ተሻግሯል። ምን ያድርግ? በሥልጠናው ጊዜ አዛውንት እንዳትጫን፣ እምቢ ካሉ እምቢ ነው፣ መልሰህ አትጠይቅ ተብሎ ተምሯል። ሽማግሌ እየነዘነዙ ስንቱን ያስፈረሙ ሌቦች ስላሉ ነው። እሱ ሌባ ላለመሆን ነው የተጠነቀቀው። ለቮን ግን ይሄን አላወቀችም። አርዲስ ከስልኩ ተመልሳ ስትቀመጥ፣ አሁን ትጠይቀኛለች ብላ ጆሮዋን አቁማ ጠበቀች። አርዲስ ስለ ሆስፒታሉ ሰዓት ብቻ አወራች።

ናታን ሲወጣ አርዲስ እስከ በሩ ሸኘችው። ለቮን ሳህን እያነሳች በመስኮቱ አየቻቸው። ልጁ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ነገራት። የአርዲስ ጀርባ ድርቅ አለ። ወደ ቤት ስትመለስ ለቮንን ቀና ብላ እንኳ ሳታያት ወደ ክፍሏ ገባች።

ዓርብ ሙሉ ቀን ምንም የለም። ለቮን ለጥያቄው በር ለመክፈት ያላደረገችው ነገር አልነበረም።

«ታቦር ያሉት አፓርታማዎች መስኮታቸው ሰፊ ነው አሉ» አለች ምሳ ላይ።

«አሉ» አለች አርዲስ።

«ለአንድ ሰው ግን ሳይሰፋ አይቀርም።»

«የሰው ነገር ምን ይታወቃል» አለች አርዲስ፣ ድንቿን በሹካ እያደቀቀች። ለቮን አንጀቷ አረረ። ምን አጠፋሁ? ጠይቂኝ እንጂ! ሁለተኛውን ጠይቂኝ፣ ሦስተኛውን ጠይቂኝ፣ እሺ ልበልሽና እንገላገል!

ቅዳሜ ፖስታ መጣ። አርዲስ ቆማ አነበበችው፣ መልሳ ከተተችው፣ ክርና መቀስ የሚቀመጥበት መሳቢያ ውስጥ ወረወረችው። ከዚያ ድመቶቹን ልታበላ ወደ ጎተራው ወጣች። ለቮን በሕይወቷ የሰው ደብዳቤ ከፍታ አታውቅም። የዚያን ቀን ከፈተች።

«የዕድሜ ልክ ክፍያ ተቀባይ፦ አርዲስ ማሪት ብራተን። ሁለተኛ ተቀባይ፦ የለም።» ከሥሩ ደግሞ በደማቁ «ይህ ስጦታ ከተፈረመ በኋላ አይሻርም፣ አይለወጥም» ይላል።

«የለም» የምትለዋን ቃል ደጋግማ አነበበቻት። እሷ አለች እኮ። ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆማለች፣ ሽርጥ አድርጋ። የጎተራው በር ሲጢጥ ሲል ሰማችና ወረቀቱን ቶሎ ከታ መሳቢያውን ገፋችው። አርዲስ ገብታ እጇን ታጠበች። ለቮን ድንች መላጥ ጀመረች። የላጠችው ድንች ለሁለት ሴት ቀርቶ ለአንድ ክፍል ተማሪ ይበቃ ነበር።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሮድኒ ደወለ። ድምፁ ጎላ ያለ ነው፣ መላው ቤት ይሰማዋል።

«አክስቴ ለቮን! ምድር ቤቱን ቀለም ቀባነው! ነጭ! ብርሃን ያለው ይመስላል!»

«ኧረ ለምን ተቸገራችሁ» አለች ለቮን።

«አክስቴ አርዲስ አንድ ነገር ብትሆን እንኳ ብቻሽን አንተውሽም፤ ማለቴ፣ እግዜር ያውቃል፣ ብቻ አታስቢ!»

ስልኩን ስትዘጋ አርዲስ ጋዜጣዋን አጠፈች።

«ኦማሃ ጥሩ ከተማ ነው ይባላል» አለች።

ለቮን በጥፊ የተመታች መሰላት። «ይባላል» አለች።

«ክረምቱም እንደዚህ አይከብድም።»

«አይከብድም አሉ።»

«እንግዲህ የመረጡት ቦታ ሲሆን ደስ ይላል» አለች አርዲስ። የመረጡት! ለቮን ጥርሷን ነክሳ ወጣችና በረንዳው ላይ ያለ ኮት ቆመች። የመጋቢት ነፋስ አጥንት ይበሳል። ያለቀሰችው ከነፋሱ ነው ብላ ራሷን አሳመነች።

አሁን አንድ ሰው ተነስቶ «ታዲያ ለምን አፏን ከፍታ አትናገርም?» ሊል ይችላል። እንዲህ የሚል ሰው ቶርስቢ አላደገም። ለቮን በሰባ ዘጠኝ ዓመቷ «ይሄን እፈልጋለሁ» ብላ አታውቅም። እግሯ ተሰብሮ አምቡላንስ የመጣላት ጊዜ «ሌላ የባሰበት ሰው ካለ መጀመሪያ እሱን አድርሱ» ያለች ሴት ናት። ለራሷ አፍ አውጥታ መጠየቅ ሰው ፊት ልብሷን እንደ ማውለቅ ነበር የሚሆንባት። ያውም ገንዘብ! ያውም እህቷ ልትሞት ትችል ይሆናል በሚባልበት ሳምንት! «ስትሞቺ ምን ታደርጊልኛለሽ» ማለት እኮ ነው። ይሄን ከምል ኦማሃ ልሂድ አለች በልቧ። ወዲያው ደግሞ መስኮት የሌለው ምድር ቤት ትዝ አላት።

ሰኞ ጠዋት ለመፈረም ወደ ታቦር ሄዱ። መኪናውን የነዳችው ለቮን ናት። የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። በረዶው መቅለጥ ጀምሮ የመንገዱ ዳርና ዳር ጭቃ ሆኗል። አርዲስ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ በመስኮት ታያለች። አንዴ ብቻ «ቀስ በይ» አለች። ለቮን በሰዓት ስልሳ ኪሎ ሜትር እንኳ አልሞላችም ነበር።

ቢሮው ውስጥ ናታን ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው። ምስክር የሆነችው ኢኔዝ ናት፤ ሠላሳ ዓመት እዚያው ቢሮ የሠራች፣ የእኛው ልጅ። ማኅተሙን ይዛ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ናታን ውሉን ከላይ እስከ ታች አነበበ። ጥርት አድርጎ፣ ቀስ ብሎ፣ ለአዛውንት እንደሚነበበው። ለቮን የሰማችው አንድ ቦታ ብቻ ነው።

«ሁለተኛ ተቀባይ የለም።» ቀና አለ። «ወይዘሪት አርዲስ፣ ከፈረሙ በኋላ ሐሳብ መቀየር አይቻልም። እኔም ብፈልግ፣ እርስዎም ቢፈልጉ፣ ዳኛም ቢፈልግ አይቻልም። ገብቶዎታል?»

«ገብቶኛል» አለች አርዲስ።

«ማሰቢያ ጊዜ ከፈለጉ…»

«ነገ ደረቴን ይከፍቱታል፣ ልጄ። ጊዜዬ ይሄው ነው።»

እስክሪብቶውን አነሳች። ከመፈረሟ በፊት ቀና ብላ ለቮንን አየቻት። ከሐሙስ ወዲህ ፊት ለፊት ስታያት ይሄ የመጀመሪያዋ ነው። ቁጣ ነው፣ ልመና ነው፣ ለቮን አልለየችውም። አሁን ትጠይቀኛለች። አሁን። አርዲስ ግን ጎንበስ አለችና የስሟን የመጀመሪያ ፊደል ጻፈች።

«እፈልጋለሁ!»

ድምፁ ከየት እንደወጣ ለቮን ራሷ አላወቀችም። ኢኔዝ ማኅተሙን ጣለችው። የአርዲስ እስክሪብቶ ባለበት ቆመ።

«ምን አልሽ?» አለች አርዲስ።

«መግባት እፈልጋለሁ።» ለቮን ፊቷ እስከ ጆሮዋ ቀልቷል፤ ግን አንዴ አፏ ተከፍቷል። «ስሜን አስገቡልኝ። ኦማሃ መሄድ አልፈልግም። ምድር ቤት መኖር አልፈልግም። አምስት ልጅ መጠበቅም አልፈልግም፣ እግዜር ይባርካቸውና።»

ናታን ግራ ገባው። «ወይዘሪት ለቮን፣ ሐሙስ ዕለት ጠይቄዎት አልፈልግም አሉኝ እኮ። ይኸው ጽፌዋለሁ።»

«አንዴ ነው የጠየቅከኝ!»

«አዎ… አንዴ።»

«አንተ ልጅ» አለች ኢኔዝ ከጥጓ ተነስታ፣ «አንዴ ጠይቀህ መልስ አገኘሁ አልክ?»

«እምቢ ካሉ በኋላ መልሶ መጠየቅ እኮ መጫን ነው፣ ወይዘሮ ኢኔዝ። በደንቡ…»

«ደንብህን ተወው! እዚህ አገር አንዴ መጠየቅ ሰላምታ ነው። ሰው ‹ደህና ነኝ› እንደሚለው ‹አልፈልግም› ይልሃል። ወይ ጉድ! ሁለት ወር ሙሉ ስንቱን እንዲህ አድርገህ ሸኘኸው ይሆን?»

ናታን ከወንበሩ ግማሽ ተነስቶ ግማሽ እንደተቀመጠ ቀረ። በዓይነ ሕሊናው ስንት ወጥ ቤትና ስንት አሮጊት እንደመጣበት ፊቱ ይናገር ነበር። የተጀመረውን ወረቀት ከአርዲስ እጅ ወስዶ ለሁለት ቀደደው። «ሒሳቡን እንደገና ሠርቼ በሁለት ስም አዘጋጅቼ እመጣለሁ። ግማሽ ሰዓት» አለ። ኢኔዝ ተከትላው ወጣች፤ እየወቀሰችው ሲሄዱ ከኮሪደሩ ይሰማል።

እህትማማቾቹ ብቻቸውን ቀሩ። ለቮን እፎይ ልትል ነበር። አርዲስ ግን እፎይ ያለች አትመስልም። እጇን አፏ ላይ ጭና ተቀምጣለች።

«አንዴ ብቻ ነው የጠየቀሽ?» አለች ከእጇ ሥር።

«አንዴ። አንቺ ስልክ ላይ ነበርሽ።»

«እኔን ‹እህትዎ አልፈልግም ብለዋል› ነው ያለኝ። ቁርጥ አድርጎ። ሁለቴም ሦስቴም ጠይቆሽ መሰለኝ።» አርዲስ ትንፋሽ አጠራት፤ ጠብቃ ቀጠለች። «የቀጣሽኝ መሰለኝ፣ ለቮን። ገንዘብሽን ብይ ያልሽኝ መሰለኝ።»

«ለምን ብዬ ነው የምቀጣሽ?»

አርዲስ የቦርሳዋን ማንጠልጠያ ጠመዘዘች። ለቮን አንዳች ነገር ደስ አላላትም።

«ለምን ብዬ ነው የምቀጣሽ፣ አርዲስ?»

«ስለ አርቪድ ሞን» አለች አርዲስ።

ይሄ ስም በእህትማማቾቹ ቤት ውስጥ ከተጠራ ሃምሳ ሁለት ዓመት ሆኖታል። አርቪድ ሞን ዱሉት ወደብ ላይ ሥራ አግኝቶ ለቮንን «አግቢኝና እንሂድ» ያላት ሰው ነው። ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነበር። አባታቸው ግማሽ አካሉ ሽባ ሆኖ ተኝቷል። የሚያጥበው፣ የሚያጎርሰው ሰው ይፈልጋል።

«‹ሂጂ፣ አባባን እኔ አያለሁ› አልኩሽ» አለች አርዲስ። «ትዝ ይልሻል?»

«ይለኛል።»

«‹ኧረ እንዴት ትቼሽ› አልሽኝ። በሳምንቱ እንደገና ጠየቅኩሽ። ‹አይሆንም፣ አንቺስ እርሻውን ትተሽ እንዴት ትችይዋለሽ› አልሽኝ።»

«አልኩሽ።»

ያንን ክረምት ለቮን መቼም አትረሳውም። ሦስተኛውን ጠብቃለች። ገናን ጠበቀች፣ በረዶው እስኪቀልጥ ጠበቀች። አርቪድ በሚያዝያ ብቻውን ሄደ፤ በዓመቱ ሌላ አገባ። ለቮን አባቷን አሥራ አንድ ዓመት አጠበች። እህቷን ግን አልወቀሰቻትም። ሥራ በዝቶባት ነው፣ ረስታው ነው፣ የምሬን መስሏት ነው እያለች ሃምሳ ሁለት ዓመት ስታስተባብልላት ኖራለች።

«ረስተሽው ነው» አለች አሁንም። ድምጿ ግን ቀጠነ። «የምሬን መስሎሽ ነው።»

«አልረሳሁትም» አለች አርዲስ። «ቆጥሬያለሁ። ሦስተኛው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። አንድ ቀን ጎተራው በር ላይ ልልሽ ብዬ ቆሜ ዋጥኩት። እሺ ትይኛለሽ ብዬ ፈራሁ። ከሱ ጋር ብቻዬን መቅረት ፈራሁ፣ ሽንቱን፣ ጩኸቱን። እኔ ትራክተሩ ላይ መሆን ነበር የምፈልገው። አንቺ አጠብሽው፣ እኔ ትራክተሬ ላይ ነበርኩ። መሬቱንም እኔ ወረስኩት።»



«ይሄን ሁሉ የማደርገው ለታቦር ብዬ መሰለሽ?» አለች አርዲስ። እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል፤ አልጠረገችውም። «ለታቦር ባወርሰው ይበቃ ነበር። በየሦስት ወሩ ምን ይሠራልኛል፣ ነገ የምሞት ሴትዮ? ያንቺ ስም እንዲገባ ነው። ከኔ እጅ የወጣ፣ ማንም የማይነካብሽ ነገር እንዲኖርሽ። ሮድኒ እንኳ አበድሪኝ ብሎ የማይወስድብሽ።»

ለቮን ተነስታ መስኮቱ ጋ ሄደች። የመስኮቱን ጠርዝ ያዘች። ልጅ የሚታቀፍበት ዕድሜ፣ ዱሉት፣ ሐይቁ፣ የራሷ በር፣ የራሷ ቁልፍ፣ ሁሉም በአንዴ መጥተው ደረቷ ላይ ቆሙ። ረስታው ቢሆን ይሻል ነበር! ከረሳ ሰው ጋር ሃምሳ ሁለት ዓመት አብሮ መብላት ይቻላል። እያወቀ ከዋጠ ሰው ጋር ግን ምን ይደረጋል?

በሩ ተንኳኳ። ናታን አዲሱን ወረቀት ይዞ ገባ፤ ኢኔዝ ከኋላው። የሁለቱን ሴቶች ፊት አየና ቆመ።

«ወይዘሪት ለቮን» አለ ቀስ ብሎ፣ «ስምዎን አስገብቻለሁ። ግን ከእርስዎ መስማት አለብኝ። ይፈልጋሉ?»

ለቮን ጀርባዋን እንደሰጠች ዝም አለች። አርዲስ ጉልበቷ ላይ ያለውን ቦርሳ አጥብቃ ይዛ መሬት መሬት ታያለች። ናታን አፉን ሊከፍት ሲል ኢኔዝ ክንዱን ጨመቀችው። ይሄ ሌላ ዝምታ መሆኑ ገብቷታል።

«ወይዘሪት ለቮን?» አለ ናታን ለሁለተኛ ጊዜ።

እምቢ ብትል እውነተኛ እምቢታ ይሆን ነበር። በምላሷ ላይ ነበር። እህቷ ያንን ተሸክማ ወደ ቀዶ ጥገናው እንድትገባ ማድረግ ትችል ነበር፤ ለአንዲት ቅጽበትም ያንን ፈለገች። ይሄን አልደብቅላትም።

ዞረች።

«እፈልጋለሁ» አለች። «የኔ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሠርቼበታለሁ። ጻፈው።»

ናታን ወረቀቱን ዘረጋ። አርዲስ ፈረመች፤ ፊደሎቹ ተንጋደዱ። ኢኔዝ እስክሪብቶውን ለለቮን አቀበለቻት። ለቮንም ከእህቷ ስም ሥር ስሟን ጻፈች፣ በትምህርት ቤት ወጥ ቤት መዝገብ ላይ ትጽፍበት በነበረው ክብ ክብ ጽሕፈት። ማኅተሙ ወረደ።

«ለቮን» አለች አርዲስ፣ «ይቅር…»

«አትጠይቂኝ!» አለች ለቮን። ኮቱን አንስታ ለእህቷ እጅጌውን ያዘችላት። «ዛሬ ከጠየቅሽኝ እምቢ ነው የምልሽ። ከልቤ ነው፣ ለወግ አይደለም። በጣም ተናድጄብሻለሁ፣ አርዲስ። እንዲህ ተናድጄ አላውቅም።»

«እሺ» አለች አርዲስ፣ እጇን ወደ እጅጌው እያስገባች።

«ስለዚህ ነገ ከዚያ ክፍል በሕይወት ትወጫለሽ። ሰማሽ? ገንዘቡን አልፈልገውም፣ አንቺን ነው የምፈልገው። ሃምሳ ሁለት ዓመት ያልጮህኩትን ልጮህብሽ ነው፤ ሞተሽ እንዳታመልጪኝ።»

አርዲስ በእሺታ አንገቷን ነቀነቀች። ለቮን የኮቱን ቁልፎች ከታች ወደ ላይ አንድ በአንድ ቆለፈችላትና ክንዷን ይዛት ወደ መኪናው ወጡ።